የአቶ ዓምደ ሚካኤል ምርቃት

ከንጋቱ ጀምሮ በእነሰርካለም ቤት ሟቹን ወደ ቤቱ የመመለስ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ የወጣው በርኖሱ ነው። ያ ጥቁር የሱፍ በርኖስ የለቅሶው ሰሞን ከአልቃሽ ወደ አልቃሽ ሲተላለፍ ሰንብቶ ከሣጥን ገብቶ ነበር፤ ሰርካለም በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችውና አባቷ ከገበያ ሲመለሱ ይሰቅሉት በነበረበት ምስማር ላይ፣ እንደ እሳቸው አሰቃቀል አንዱን ትከሻ ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው። ከዘራቸው ከቆጥ ወርዶ የበሩን መቃን ተደገፈ። ጫማቸው ከአልጋው ሥር ገባ። እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ የአልጋውን የሱፍ ባና አንጥፈው ሲያበቁ ትራሱን አገላብጠው አዩትና ራስ ያረፈበት ጎድጓዳ እስኪወጣለት ድረስ መሐሉን በቡጢያቸው ደጋግመው መቱት። «ጸበል ከሄዱ ከርመዋል ልንላት አይደለም እንዴ? የትራስ ጎድጓዳ ምን ያደርጋል?» አለች ሰርካለም። እናቷ ቆመው ጎድጓዳውን ብዙ ተመለከቱት፤ ከዚያም የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ በእግር ጣቶቻቸው እየረገጡ ከአልጋው ራቁ።

ቀጥሎ የኀዘኑ ልብስ ነበር። የታኅሣሥ ውርጭ የመሐል ሜዳ ከተማን ቆርቆሮ ሁሉ ነጭ ባደረገበት በዚያ ማለዳ፣ እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው ጥቁር ቀሚሳቸውን አወለቁ፤ ጥቁሩም ተጠቅልሎ ከገብስ ጆንያው ኋላ ተደበቀ። በቀብሩ ዕለት የተላጨው የወይዘሮ ጌታነሽ ፀጉር ገና አልበቀለም፤ በሻሽ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ፊታቸውን የነጩበት ቁስል ደርቆ በጉንጮቻቸው ላይ መሥመር ሠርቷል፤ ለእሱም «እንጨት ስፈልጥ ፍላጩ ጫረኝ» የሚል ምክንያት ተዘጋጀለት። ባለቤታቸው ለአምናው ጥምቀት የገዙላቸውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው ከጓዳ ሲወጡ ሰርካለም ፊቷን አዞረች። ባሏን ቀብራ ዐርባውን ያላወጣች ሴት በበዓል ልብስ ማየት፣ በቀትር ጅብ ከማየት አይተናነስም።

ይህ ሁሉ ለጽናት ሲባል ነው። የቤቱ ታናሽ ልጅ ጽናት በደቡብ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአፈርና የውሃ ምህንድስና መምህርት ናት። ለአፍሪካውያን የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች በሚሰጠው፣ ወጪው ሁሉ በተሸፈነ የዶክትሬት ትምህርት ዕድል ተወዳድራ ከመላው አህጉር ከተመረጡት ጥቂቶች አንዷ ሆናለች። ትምህርቱ በጋና፣ አክራ ከተማ ነው። ሰኞ ጠዋት በቦታው ተገኝታ ካልተመዘገበች ዕድሉ ለተጠባባቂ ይተላለፋል፤ ይህ ከመጀመሪያው በግልጽ ተነግሯታል። የምሥራቹን በኅዳር መጀመሪያ በስልክ ለአባቷ ስታበሥር፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ባና ከሚሸጡበት ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ሲያወሩ ዋሉ። ብዙም ሳይቆይ ደረታቸውን ውጋት ያዛቸው፤ ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት ግን የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ጻድቅን፣ ሚስታቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን ገሠሠንና ሰርካለምን በአልጋቸው ዙሪያ አቁመው ተናዘዙ። የተናዘዙት ግን ስለ ቤትና ስለ ንብረት አልነበረም። «እኔ ደብረ ብርሃን አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር ከክፍሌ የሚቀድመኝ አልነበረም» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «የናቴን መርዶ ሰምቼ መጣሁ። ዐርባዋን ላውጣ አልኩ፤ ሰማንያዋን ላውጣ አልኩ፤ ሙት ዓመቷን ላውጣ አልኩ። ይኸው ባና ስሸጥ አረጀሁ። ጽናት ትሂድ። አገር ለቃ ሳትሄድ ሞቴን የነገራት፣ አጥንቴ ይውጋው።» የሙት ቃል በመንዝ ከመሬት ይከብዳል፤ እንኳን የሰሙት ያልሰሙትም ይሸከሙታል። ሰርካለምን ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክናት ከረመ። የአህጉሩ አፈር በጎርፍ እንዳይታጠብ መላ ትፈልጋለች ተብላ የታመነችው ልጅ፣ የገዛ አባቷን ሞት መሸከም አትችልም ተባለች። ከፍቅር የመጣም ቢሆን ፍርድ ፍርድ ነው፤ ያውም ተከሳሿ ባልተገኘችበት የተሰጠ ፍርድ።

ከቀብሩ ወዲህ ጽናት በደወለች ቁጥር የአባቷን ስልክ የሚያነሡት ጋሽ ገሠሠ ነበሩ። የሁለቱ ወንድማማቾች ድምፅ ከአንድ ምንጭ እንደተቀዳ ውሃ አይለይም፤ ሳላቸው እንኳ አንድ ነው። «ደረቴን ትንሽ አሞኝ መርሐቤቴ ቆላ ወርጄ ጸበል ልጠመቅ ነው፤ እዚያ ስልክ እንደ ልብ አይሠራም» ብለው የነገሯትም እሳቸው ናቸው። ሰፈሩም ከውሉ አልቀረም። ለቅሶውን አብረው የተቀመጡት ጎረቤቶች ሁሉ በየቤታቸው ምለው ተማምለዋል። የቅርብ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አማከለች ያን ማለዳ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «በአንድ ለአምስት ስንት ዓመት ስንጠረነፍ እንዲህ አንድ ልብ ሆነን አናውቅም፤» አሉ። «እርከን ሥሩ ሲባል እግሩን የሚያመው ሁሉ፣ ለውሸቱ ጊዜ ቀድሞ መጥቷል።» ወይዘሮ ጌታነሽ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ የደረቀው ቁስል ጉንጫቸውን ያዘው።

አውቶቡሱ ከደብረ ብርሃን የደረሰው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጽናት አንድ ሻንጣ እየጎተተች ወረደች፤ ከስታለች፣ መነጽሯ በአቧራ ደብዝዟል፣ ፊቷ ግን እንደ በዓል ዋዜማ በርቷል። ሰርካለም አቀፈቻት፤ መልቀቂያዋ ሲደርስ ክንዷ እንቢ አላት። «እታለም፣ አጥንቴን ሰበርሽው እኮ!» ብላ ሳቀች ጽናት፤ ሰርካለም ያን ቃል ስትሰማ እሳት እንደነካው ሰው ለቀቀቻት። ከመናኸሪያው እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ ወሬ የማይጠፋበት መንገድ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሁለቱ እኅትማማቾች ሲቀርቡ ወሬው ይቆማል። በየሱቁ ደጃፍ ፀሐይ የሚሞቁት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየተነሡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ አፋቸው እንኳን ደስ ያለሽ ይላል፣ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። «ምነው፣ ዶክተር ሳልሆን ነው እንዴ የሚነሡልኝ?» አለች ጽናት። «የሰው አገር ስለምትሄጂ ነው» አለች ሰርካለም፣ ሻንጣውን ነጥቃት እርምጃዋን እያፈጠነች።

ጽናት ግን ከፍራፍሬ ሻጯ ከገበያነሽ ዘንድ ቆመች። ገበያነሽ ለአምስት ሳንቲም ብላ ከወንድሟ ጋር ችሎት የቆመች፣ በሰፈሩ በንፉግነቷ የምትታወቅ ሴት ናት። «ለአባባ ብርቱካን ልግዛ፤ ቆላ የሚሄድ ሰው ይወስድላቸዋል። ኪሎው ስንት ነው?» «ሃያ አምስት ነበር፤» አለች ገበያነሽ። ሚዛኑን ትታ ብርቱካኑን በሁለት እጇ እየዘገነች ፌስታሉን እስኪቀደድ ሞላችው። «ውሰጂው። ዝም ብለሽ ውሰጂው፣ እኅቴ።» ጽናት ጥቂት ከራቁ በኋላ «ገበያነሽ በነፃ ከሰጠች ዓለም ሊያልቅ ነው ማለት ነው» አለችና ዘወር ብላ አየች። ገበያነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ጽናት ከዚያ በኋላ እስከ ቤታቸው ደጅ አልቀለደችም።

እቤት ስትደርስ ወይዘሮ ጌታነሽ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቢያለቅሱ ናፍቆት ነው ይባልላቸው ነበር፣ ግን ለቅሶው አንዴ ካመለጣቸው መመለሻ እንደማይኖረው ስላወቁ ጥርሳቸውን ነከሱ። ጋሽ ገሠሠ ከጓሳ ጥግ ካለው መንደራቸው በፈረስ የመጡት ትናንት ማታ ነው። አሁን በፊቷ ራሳቸውን ሆነው መቀመጥ ስለነበረባቸው፣ ሳላቸው በመጣ ቁጥር ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ይጎሰጉሳሉ። «እኔ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤» አሉ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አውጥተው። «ጽናት ለትምህርት አፍሪካ ልትሄድ ነው ይላሉ። ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ የት ነን?» ሁሉም ሳቁ። «ምዕራቡ አፍሪካ ነው፣ ጋሼ» አለች ጽናት። «ከየአገሩ የተመረጡ ልጆች አንድ ላይ ሆነን ነው የምንማረው፤ የራሳችንን አፈር ራሳችን እንድናድን።» «እንግዲያ ጎረቤት ናታ! ምነው ታዲያ በአውሮፕላን?» አሉ አጎቷ፤ ሳቁ እንደገና ተነሥቶ መሐል ላይ ተቆረጠ። ወይዘሮ አማከለች በሰፌድ ንፍሮ ይዘው ገብተው ነበርና። ሴትዮዋ ለዚህ ቤት ሲያመጡት የከረሙትን ነው በልማድ ያመጡት፤ ምን እንደያዙ የገባቸው የሁሉም ዓይን ሰፌዱ ላይ ሲያርፍ ነው። «ንፍሮ? የማን ለቅሶ አለ?» አለች ጽናት። ወይዘሮ አማከለች ከንፈራቸውን ላሱና «የጾም ነው ልጄ፤ የሽንብራው ዋጋ ጣራ ነክቶ ሽሮ የጌታ ምግብ ሆኗል» አሉ። ጽናት ንፍሮውን ዘግና እያኘከች ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው፦ በርኖሱን፣ ከዘራውን፣ ከአልጋው ሥር የወጣውን የጫማ አፍንጫ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጇን የትራሱ ጎድጓዳ ላይ አሳረፈች።

«ይሞቃል» አለች።

 ሰርካለም ተጠግታ እጇን ሰደደች፤ እውነትም ይሞቅ ነበር። እናቷ ጋደም ብለውበት ይሆናል ብላ ልቧን ልታሳምን ሞከረች፤ እናቷ ግን ማለዳ ትራሱን ከመቱበት ሰዓት ወዲህ በዚያ አልጋ አጠገብ እንኳ አላለፉም።

ከቀትር በኋላ አባ ወልደ ጻድቅ መጡ። መነኩሴው ውሸት ላለመናገር ሲሉ እስካሁን ከመምጣት ተቆጥበው ነበር፤ ተጓዥን ሳይባርኩ መቅረት ደግሞ አልሆነላቸውም። ጽናት መስቀላቸውን ተሳልማ ስትቀመጥ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው የፈሩትን ነው። «አባ፣ አባባን ካየኋቸው ዓመት ሆነኝ። ሕመማቸው እንዴት ነው? እርስዎ እውነቱን ይነግሩኛል።» ሽማግሌው መስቀሉን በጉልበታቸው ላይ ሲያገላብጡ ቆዩ። «ልጄ፣ አሁን እሱ ባለበት ስፍራ ሕመም የለም» አሉ በመጨረሻ። ጽናት ተመስገን ብላ ፊቷን አማተበች። ሰርካለም ወደ ጓዳ ገብታ የገብሱን ጆንያ ተደግፋ ቆመች፤ የቃሉ እውነትነት ከውሸት ሁሉ ይልቅ አስፈራት። መነኩሴው ማዕድ ሳይቀምሱ ወጡ።

ቀኑ ወደ ማምሻው ሲያዘነብል ጽናት ስልኳን አወጣች። «ነገ ማለዳ ነው የምሳፈረው፤ ቅዳሜ እበርራለሁ። ያለ አባባ ምርቃት ግን አልሄድም» አለች። ወይዘሮ ጌታነሽ «እኔ እመርቅሻለሁ፣ አጎትሽም ይመርቅሻል» አሏት። «የአባባ ካልሆነ አይሆንም፣ እማዬ። ስልኩ እንቢ ካለ በቅሎ ተከራይቼም ቢሆን ቆላ እወርዳለሁ፤ ሰኞ ባልደርስም ይቅር።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ሁሉም የሚፈሩትም ያን ነው፤ ጽናት ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። ዓይኖች ሁሉ ወደ ጋሽ ገሠሠ ሄዱ። «ፈረሴን ላጠጣ» ብለው ተነሡ፤ የወንድማቸው ስልክ በኮታቸው ውስጥ ነው። ሰርካለምም ባልዲ አንሥታ ተከተለቻቸው።

ከቤቱ ኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ስልኩ በጋሽ ገሠሠ መዳፍ ውስጥ ጮኸ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሳሉ፤ ሰርካለም ያን ሳል ስትሰማ የፊቷ ቆዳ ተኮማተረ። «ሃሎ… ልጄ!» አሉ፣ በወንድማቸው ድምፅ፣ በወንድማቸው እርጋታ። ወዲያው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁትና አዩት። መስተዋቱ ጠቁሯል። ተጫኑት፤ አልበራም። መታ መታ አደረጉት፤ አልበራም። «ባትሪው ሞተ፤» አሉ ላብ እየፈለቀባቸው፣ «ገና እግዜር ይባርክሽ ሳልላት። ሂጂ፣ መስመሩ ተቋረጠ በያት፣ ኋላ ይደውላሉ በያት!» ሰርካለም ባልዲውን ጥላ ሮጠች፤ እሳቸውም ከኋላዋ ተከተሉ። ደፉን ስትረግጥ ግን ቆመች።

ጽናት በአባቷ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ፣ ስልኩን በጆሮዋ ለጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ እያዳመጠች ነው። «አሜን» አለች። ጥቂት አዳመጠችና «አሜን» አለች። እናቷ አጠገቧ ቆመው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል፤ እሳቸውም በሹክሹክታ አሜን ይላሉ። ይህ ብዙ ቆየ። የመሐል ሜዳ ነፋስ እንደ ሁልጊዜው ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን የሚሰማ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ «እሺ አባባ። አሜን» ብላ ስልኩን ሳመችና ቀና አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ፊቷ ግን ዐርፏል። «መረቁኝ» አለች። ሰርካለም ወደ ኋላዋ ዞረች። ጋሽ ገሠሠ የጠፋውን ስልክ በመዳፋቸው እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔ ‹ልጄ› ብቻ ነው ያልኩት» አሉ።

ያን ማታ በዚያ ቤት ብዙ አልተወራም። ለደብረ ብርሃን ትኬቱ ስንት እንደገባ፣ አክራ ውርጭ እንደሌለ፣ ሹራቡ እዚህ ቢቀር እንደሚሻል፣ እንዲህ እንዲህ ያለው ተነሥቶ ወደቀ። እኅትማማቾቹ እንደ ልጅነታቸው አንድ ባና ለብሰው ሲጋደሙ ሰርካለም «ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀች። «የኔና የሳቸው ነው» አለች ጽናት፣ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት። ሰርካለም እውነቱን ልትነግራት አፏን በከፈተች ቁጥር ምላሷ የሰው ምላስ ሆነባት።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ሞት በመንገድ ላይ አይነገርም፣ በቀትርም አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው ሳያውቅ ይተኛል፤ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ከደጁ ይሰበሰባሉ። አያንኳኩም፣ አይጣሩም፣ እርስ በርስም ሰላም አይባባሉም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ወንዶቹ በአንድ ረድፍ ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው፣ በሩ እስኪከፈት ይቆማሉ። የቤቱ ሰው በሩን ሲከፍት ከዚያ አቋቋም በቀር ሌላ ነጋሪ አያሻውም። ያን ዓርብ ንጋት ሰፈሩ የመጣው ጽናትን ሊሸኝ ነበር። ለዚህም አንዱ ቆሎ፣ ሌላው በሶ፣ ሌላው ኪሱ ውስጥ የተቋጠረ ብር ይዞ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በጨለማ በሰው ደጅ መቆምን የሚያውቁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ማንም ሳያስበው፣ ማንም ሳያዝዝ፣ እግራቸው እንደለመደው ቆመ።

ጽናት ሻንጣዋን ይዛ በሩን ከፈተች።

አየቻቸው። ረድፉን፣ ጋቢውን፣ ዱላውን፣ በውርጩ ውስጥ የሚተነውን የሁሉንም ትንፋሽ አየች። ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። ወይዘሮ አማከለች ስሕተቱ በዚያች ቅጽበት ገባቸውና «እልል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው በነጠላቸው አፈኑት። ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። «ሂጂ ልጄ፣ መኪናው ጥሎሽ እንዳይሄድ» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ ከኋላዋ፤ ድምፃቸው የሚፈርስ ግድግዳ ይመስል ነበር።

«የማንን ነው?» አለች ጽናት።

አባ ወልደ ጻድቅ ዓይናቸውን ወደ መስቀላቸው ጣሉ። ጋሽ ገሠሠ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡት። ጽናት ፊታቸውን በየተራ ካየች በኋላ ወደ ሰርካለም ዞረች። «እታለም። አንቺ አትዋሺኝም።»

ሰርካለም የአባቷን ቃል አሰበች። የሚወጋ ከሆነ እኔን ይውጋኝ፤ ሁለታችንንም ከሚወጋን፣ አለች በልቧ። ከዚያ እጇን በእኅቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ፣ መርዶ እንደሚነገረው ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ «የአባባን ነው። ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ አረፉ» አለቻት።

ሁሉም ጩኸት ጠበቀ። ጩኸት አልመጣም። ጽናት ከባድ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ግንባሯን አኮማትራ ቆመች። «ኅዳር» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፦ «ታዲያ ትናንት የመረቀኝ ማን ነው?»

የሰው ሁሉ ዓይን ጋሽ ገሠሠ ላይ ተተከለ። ጋሽ ገሠሠ ከኮታቸው ውስጥ ስልኩን አውጥተው፣ ሌባ የሰረቀውን እንደሚያስረክብ፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉት። «ከኅዳር ወዲህ ሲያነጋግርሽ የከረመው እኔ ነኝ፤ አልክድም። ትናንት ግን ‹ልጄ› ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ጠፋ። ታቦቱ ምስክሬ ነው፣ እኔ አልመረቅሁሽም።» ከረድፉ ውስጥ አንድ ሰው ሲያማትብ ተሰማ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ በደፉ ላይ እንደቆሙ፣ ልጃቸውን በጭንቅ «ምን አሉሽ?» አሏት።

«‹ወደ ኋላ አትመልከቺ፤ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ› አሉኝ።»

ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ጌታነሽ ሻሻቸውን ከራሳቸው ገፈው የጮኹት። «ኧረ ዓምዴ! ኧረ የቤቴ ዓምድ!» ረድፉ ፈረሰ። ሲያምቁት የዋሉት፣ ያደሩት ለቅሶ በአንዴ ፈነዳ፤ ጽናትም ደረቷን እየደቃች በእናቷ አንገት ላይ ወደቀች፣ ሰርካለም ሁለቱንም ከሥር ደገፈች። መንገዱን ይዞ የመጣው አውቶቡስ ከደጃቸው ሲደርስ ሾፌሩ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሰዓቱን ሲያይ፣ ሾፌሩ «ለቅሶ ረግጦ የሚሄድ መኪና የጣርማበርን ዳገት አይወጣም» ብሎት ባርኔጣውን አወለቀና ወረደ። ፀሐይዋ ቆርቆሮዎቹን እስክትነካ ድረስ መኪናው እዚያው ቆመ። ከዚያ ከሁሉም ቀድመው ቀና ያሉት ወይዘሮ ጌታነሽ ናቸው። የተላጨ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ በዚያ በአረንጓዴው ቀሚስ፣ የወደቀውን ሻንጣ በገዛ እጃቸው አነሡ። «ተነሺ። ያሉሽን ሰምተሻል።» ጽናት እናቷን አየች፣ እኅቷን አየች። «እሄዳለሁ፤» አለች፣ «ግን ከዛሬ ወዲያ ማንም ለእኔ ብሎ አይዋሽ።» «አይዋሽም» አለች ሰርካለም። ጽናት የእናቷን ጉልበት ስማ ተሳፈረች፤ መኪናው ሲነሣም አንገቷን አልመለሰችም። በመስኮቶቹ ውስጥ ለሰርካለም የታያት፣ አቶ ዓምደ ሚካኤልን በዓይናቸው ዓይተው የማያውቁ ሴቶች አንድ በአንድ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ ነው።

አቧራው ከበነነ በኋላ ሰዉ በግቢው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ለቅሶው እንደገና መቀመጥ ነበረበት፤ ጥቁሩም ከጆንያው ኋላ መውጣት ነበረበት። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ቀድሞ የገባ ግን የለም። ጋሽ ገሠሠ ከፈረሳቸው ጎን አልተንቀሳቀሱም፤ መነኩሴውም በዝምታ ይደግማሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ ሁሉንም አይተው ብቻቸውን ወደ በሩ ተራመዱ። ከደፉ ሲደርሱ ቆመው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን የገዛ ቤታቸውን እንደ እንግዳ ተጣሩ።

«ቤቶች!» አሉ።

ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ።